«ወለምታ ነው፤ ለቅዳሜ ይደርሳል!»

ስታዲየም ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህችን ትዕይንት ያውቃታል። የክንፍ ተጫዋቹ ኳሷን ገፍቶ ሊያልፍ ሲል ተከላካዩ ይመጣበታል። ሁለቱም ይወድቃሉ፣ አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ይንከባለላል። ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየሮጠ ይገባል። ቀዝቃዛውን ስፕሬይ ጭስ እስኪመስል ይነፋበታል፣ ሁለት ሦስቴ ያሸዋል፣ ካልሲውን ስቦ ይመልስለታል። ያኔ ደረጃው ላይ ከተቀመጥነው አንዱ «ተነስ እንጂ! ምን ትልፈሰፈሳለህ!» ይላል። ልጁ ይነሳል፣ አራት አምስት እርምጃ ያነክሳል፣ ከዚያ ይሮጣል። እናጨበጭባለን። ጨዋታው አልቆ አሰልጣኙ ስለ ልጁ ሲጠየቁ መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው፤ «ቀላል ነው። ወለምታ ነው፤ ለቅዳሜ ይደርሳል።»

እኔ ዛሬ የምጽፈው በዚህች «ቀላል ነው» በምትባል ነገር ላይ ነው። ጉልበቱ የተበጠሰ ተጫዋች ሁላችንም ያሳዝነናል። ስሙን እያነሳን «ምን ዓይነት ልጅ ነበር!» እንላለን። በቁርጭምጭሚቱ ምክንያት ቀስ በቀስ ከቋሚ ተሰላፊነት ወደ ተቀያሪ ወንበር፣ ከተቀያሪ ወንበር ወደ ቤቱ የሄደውን ልጅ ግን ማንም አያስታውሰውም። «አቋሙ ወረደ» ተብሎ ነው የሚሸኘው። አቋሙን ምን እንዳወረደው የሚጠይቅ የለም።

ከራሴ ልጀምር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ በሰፈር ቡድን የግራ ክንፍ ነበርኩ። (ጓደኞቼ ይህን ሲያነቡ እንደሚስቁ አውቃለሁ፣ ይሳቁ።) አንድ እሁድ ጠዋት ዘልዬ ስወርድ ግራ እግሬ ጉድጓድ ላይ አረፈና ወደ ውስጥ ታጠፈ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጆቹ ተሸክመው የወሰዱኝ በአካባቢው ወደታወቁ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ነው። ጋሼ እግሬን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ጅማቱ ዞሯል፣ አይዞህ የኔ ልጅ» አሉና ቅቤ ቀብተው ማሸት ጀመሩ። ጩኸቴ ለጎረቤት ተሰማ። ማታ ላይ እግሬ ጫማ የማይገባበት ሆነ፤ በማግስቱ እስከ ጣቶቼ ድረስ ጠቆረ። በአሥረኛው ቀን ግን ሕመሙ ቀለል ሲለኝ ሜዳ ገባሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው እግር፣ ያው ቦታ። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ። አራተኛው የደረሰብኝ ለአንድ ክለብ ወጣት ቡድን ሙከራ በሄድኩበት ቀን ነው፤ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልተጫወትኩም። እንግዲህ ኳስ መጫወት ያልተሳካለት ስለ ኳስ ይጽፋል ይባል የለ፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ጋሼን አልወቅሳቸውም። የሚያውቁትን ነው ያደረጉት፣ የወሰዱትም ገንዘብ ከምስጋና የሚቆጠር ነበር። ግን በእግሬ ላይ በትክክል ምን እንደደረሰ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለሥራዬ ስል ማንበብና ባለሙያዎችን መጠየቅ ስጀምር ነው።

በቁርጭምጭሚት ውጪ በኩል ጎላ ብሎ ከሚታየው አጥንት ሥር ሦስት ጅማቶች አሉ። አጥንትን ከአጥንት የሚያስሩ ገመዶች ማለት ናቸው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ መጀመሪያ ጉዳቱን የሚቀበለው ከፊት ያለው ነው፣ ከሦስቱም ደካማው እሱ ነውና። እንግዲህ ወለምታ ማለት ይህ ገመድ ተለጠጠ፣ በከፊል ተቀደደ ወይም ጨርሶ ተበጠሰ ማለት ነው። «ዞሮ» አይደለም። ስለዚህ በማሸት የሚመለስ የዞረ ነገር የለም። የተቀደደን ገመድ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት አጥብቆ ማሸት፣ በሙቅ ውሃና በጨው መዘፍዘፍ፣ ደሙንና እብጠቱን ከመጨመር በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም። የኔ እግር እስከ ጣቱ የጠቆረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

የተለጠጠው በአንድና በሁለት ሳምንት ሊመለስ ይችላል። በከፊል የተቀደደው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት፣ የተበጠሰው ደግሞ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። «ለቅዳሜ ይደርሳል» የሚለው እንግዲህ ከሦስቱ ለአንደኛው ብቻ፣ ለዚያውም በዕድል የሚሠራ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይመረመር ነው ቅዳሜ የሚባለው።

በመጀመሪያ ግን አጥንት አለመሰበሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ማንም ሊማረው የሚችል ዘዴ አለ። በ1992 (ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የካናዳዋ ኦታዋ ከተማ ሐኪሞች አንድ ሕግ አወጡ። ዓላማቸው ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሁሉ ያለ አግባብ ራጅ ከማንሳት ለመገላገል ነበር። ተጎጂው ያኔውኑም ሆነ ሲመረመር አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ወደ ራጅ። በሁለቱም ጎን ያሉት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ጫፋቸው ወይም የኋላ ጠርዛቸው እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ሲጫን የሚያም ከሆነ ወደ ራጅ። በእግር ውጪ ጠርዝ መሐል ላይ ያለችው ጉብታ፣ ወይም በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለው አጥንት ሲጫን የሚያም ከሆነም ወደ ራጅ። ይኸው ነው። ስፕሬይ አልተነፋበትም፣ ማሽን የለውም፣ አውራ ጣትና አራት እርምጃ ብቻ! በየሰፈሩ ቡድን አንድ ልጅ ይህን ቢያውቅ ስንቱ ስብራት «ወለምታ ነው» ተብሎ ባልታሸ።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ኋላ «ባህላችንን ናቀ» እንዳልባል። ወጌሻ የሚለው ስም በኛ እግር ኳስ ትልቅ ስም ነው። የቡድን ዝርዝር ሲወጣ ዋና አሰልጣኝ፣ ምክትል፣ የበረኞች አሰልጣኝ ተብሎ ከሥሩ «ወጌሻ» ይጻፋል። ከእነሱ መሐል የጤና ትምህርት የተማሩ፣ እየተጨነቁ የሚሠሩ አሉ። በእጅ ልምድ ብቻ የሚሠሩም አሉ። ችግሩ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን ነው። ሐኪም የሆነውንና አሺ የሆነውን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ አንድ ቦርሳ አስይዘን፣ ከሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር እንጠብቃለን። በሜዳ ላይ ያለው ጥፋት ወለምታን ማባባስ ነው፤ ከሜዳ ውጪ ግን ከዚያም ይብሳል። የተሰበረ እግር በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ደም መመላለሻ አጥቶ፣ በስብሶ ሆስፒታል ሲደርስ ከመቁረጥ ሌላ አማራጭ የጠፋለት ስንት ነው! የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ለዓመታት ሲጮሁበት የኖሩት ጉዳይ ነው።

ወደ ሕክምናው ልመለስ። ስለ በረዶ ሁላችንም እናውቃለን። እረፍት፣ በረዶ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ የሚለውን ቀመር ያወጣው አሜሪካዊው ዶክተር ጌብ ሚርኪን ሲሆን ዘመኑ 1978 ነው። እኚሁ ዶክተር በ2014 ደግሞ «በረዶውና ሙሉ እረፍቱ ፈውሱን ሳያዘገየው አይቀርም» ብለው የራሳቸውን ቀመር አሻሻሉ። እኔ ሰውየውን የወደድኳቸው በዚህ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ዓለም ሲጠቀምበት የኖረውን ነገር «ተሳስቻለሁ» ማለት ቀላል አይደለም፤ የኛ አሰልጣኞች አንድ ቅያሪ እንኳ ተሳስቻለሁ አይሉም። በረዶ ሕመም ያስታግሳል፣ በፎጣ ጠቅልሎ ለጥቂት ደቂቃ መያዝ ችግር የለውም። አሁን ባለሙያዎቹ የሚያተኩሩት ግን ሌላ ነገር ላይ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሩን ጠብቀው፣ ጠቅልለው፣ ከፍ አድርገው፣ ከዚያ ቶሎ ብለህ አንቀሳቅሰው። ወር ሙሉ አልጋ ላይ መተኛትም፣ በሦስተኛው ቀን ግጥሚያ መግባትም፣ ሁለቱም ስህተት ነው።

ፊዚዮቴራፒ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ፊዚዮቴራፒ ሲባል ማሸትና መብራት የሚበራበት ማሽን ይመስለዋል። ለወለምታ ግን ዋናው መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው። መጀመሪያ ሕመሙ እስከፈቀደ ድረስ እግርን በአየር ላይ ማንቀሳቀስ። ፈረንጆቹ ታካሚውን በአውራ ጣቱ ፊደል ያስጽፉታል፤ የነሱ 26 ነው። እኛ ከሀ እስከ ፐ በሰባቱም ቤት ብንጽፍ 231 ይሆናል፤ በዚህ እንኳ እንበልጣቸዋለን! ቀጥሎ ጡንቻን ማጠንከር ነው። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ እግርን ወደ ውጪ እየገፉ መሳብ፣ በጣት ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ።

ከሁሉም በላይ የተረሳው ግን ሚዛን ነው። ጅማት ገመድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ውስጡ እግሩ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደታጠፈ ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮች አሉ። ጅማቱ ሲቀደድ እነሱም ይጎዳሉ። ሕመሙ ጠፍቶ፣ እብጠቱ ሄዶ፣ ልጁ «ድኛለሁ» ሲል እነዚህ ወሬ ነጋሪዎች ገና አልተመለሱም። ጠጠር ሲረግጥ እግሩ እየታጠፈ መሆኑን አንጎሉ የሚሰማው ዘግይቶ፣ ከታጠፈ በኋላ ነው። ለዚህ ነው አንዴ የታጠፈ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ደጋግሞ የሚታጠፈው። እኔ «የኔ እግር ደካማ ነው፣ ተፈጥሮዬ ነው» እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ! ተፈጥሮ አልነበረም፤ በአንድ እግር መቆምን ያስተማረኝ ሰው አለመኖሩ ነው። መጀመሪያ ዓይን ገልጦ፣ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ፣ ከዚያ ክብ ጣውላ ሥሩ እንደ ግማሽ ኳስ የሆነ እንጨት ተመትቶበት በምትንገዳገደው ሰሌዳ ላይ። ይህችን ሰሌዳ ማንኛውም አናጢ ይሠራታል። በሚሊዮን ብር ተጫዋች የሚያስፈርም ክለብ ይህችን ማሠራት አቃተኝ ቢል ማን ያምነዋል?

ትልልቆቹስ አይሳሳቱም እንዴ ትሉኝ ይሆናል። ይሳሳታሉ እንጂ! ኔይማርን አስታውሱ። በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ በመጀመሪያው ጨዋታ ከሰርቢያ ጋር ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ። እብጠቱን ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ስዊዘርላንድና ካሜሩን አለፉት፣ በ11ኛው ቀን ደቡብ ኮሪያ ላይ ገብቶ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። የብራዚል ፊዚዮዎች ሥራ የሚያስደንቅ ነበር። ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በየካቲት 2023 ለፓሪስ ሲጫወት ከሊል ጋር ያው ቀኝ ቁርጭምጭሚት ታጠፈ። ክለቡም ልጁ በቀኝ ቁርጭምጭሚቱ በተደጋጋሚ እንደተቸገረ ገልጾ ጅማቱን ለማስጠገን ዶሃ ላከው፣ የውድድር ዓመቱም አበቃለት። ዓለም ላይ ካሉት ምርጥ ባለሙያዎች ጋር ያለ ተጫዋች እንዲህ ከሆነ፣ በስፕሬይ ብቻ የሚመለሰው የኛ ልጅ ምን ይሆናል?

የማርኮ ቫን ባስተን ግን ከሁሉም ያመኛል። እኔ እሱ ሲጫወት አልደረስኩበትም፤ በ1988 ሶቪየት ኅብረት ላይ ያስቆጠራትን ቮሊ እንደናንተ በቪዲዮ ነው ያየሁት። ሦስት ጊዜ የዓለም… ይቅርታ፣ የአውሮፓ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። ገና ከአያክስ ጀምሮ ቁርጭምጭሚቱ እያመመው ተጫወተ፣ ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ ደግሞ ተጫወተ። የመጨረሻ ጨዋታውን ሲያደርግ 28 ዓመቱ ነበር፤ በ1993 ሙኒክ ላይ በማርሴይ የተሸነፉበት የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ታግሎ በ1995 በቃኝ አለ። በኋላ ስለ ሕይወቱ ሲናገር በሌሊት ሽንት ቤት የሚሄደው በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ እንደነበር ነው ያወራው። እስቲ አስቡት፣ ያንን ቮሊ የመታ ሰው!

የቤካምን ደግሞ ለፈገግታ ላንሳው። በሚያዝያ 2002 የዲፖርቲቮው አልዶ ዱሸር ገብቶበት የግራ እግሩን ሁለተኛ የመዳፍ አጥንት ሰበረው። ዓለም ዋንጫው ሰባት ሳምንት ነበር የቀረው። አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ የእግሩን ፎቶ ፊት ገጹ ላይ አትሞ አንባቢዎቹ እጃቸውን ጭነው እንዲጸልዩለት ጠየቀ። እኛ ጠበል ስንሄድ ኋላ ቀር የሚሉን እነሱ ናቸው እንግዲህ! ቤካም ለስዊድን ጨዋታ ደረሰ፣ አርጀንቲናንም በፍጹም ቅጣት ምት ቀጣ። በብራዚሉ ጨዋታ ግን ከሪቫልዶ ጎል በፊት ጠርዝ ላይ እግር ሲመጣበት ዘሎ አለፈ፤ ብዙዎች እግሩን ስለሳሳለት ነው ብለዋል። አጥንቱ ድኖ ልቡ ገና ያልዳነ ተጫዋች ማለት ይህ ነው።

ስለ ተረከዝ ጅማትም ትንሽ ልበል፤ እዚህ አገር የሯጭ በሽታ እንጂ የኳስ ተጫዋች አይመስለንም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም የአኪለስ ጅማቱ ታሞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና አድርጎ በ2001 ኤድመንተን ላይ በነሐስ ተመለሰ። ይህ ጅማት ሲታመም የሚሰጠው የታወቀ ልምምድ የመጣው ከስዊድናዊው ሐኪም ከሆካን አልፍሬድሰን ነው። ራሱ ሯጭ ነበር፣ ታመመ፣ ኦፕራሲዮን እንዲያደርጉት ቢለምን አለቃው እንቢ አለ። «እንግዲያው እስኪበጠስ አሠራዋለሁ፣ ያኔ ሳትወዱ ታክሙኛላችሁ» ብሎ ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቱ ቆሞ ተረከዙን ቁልቁል ማውረድ ጀመረ። ሊበጠስ ነው ሲል ዳነ! በ1998 ያሳተመው ጥናት ላይ ልምምዱ በቀን 180 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት ነው። ደረጃ ያለው ሰው ሁሉ ክሊኒክ አለው ማለት ይቻላል፤ ግን 12 ሳምንት የሚታገስ አሰልጣኝ ከየት ይምጣ?

የኔ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። አንድ ተጫዋች ከጉዳት መመለሱን የሚወስነው ማን ነው? አሁን ባለው አሠራር በብዙ ቦታ የሚወስኑት አሰልጣኙ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፉ የሚባረሩ ሰው ናቸው። ልጁን ከጠየቃችሁት «ደህና ነኝ» ይላል፣ ቦታውን እንዳይነጠቅ። ወጌሻው ደመወዙን ከክለቡ ስለሚቀበል አፉን ይይዛል። ሦስቱም ለየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ቁርጭምጭሚቱ ብቻ ጠበቃ የለውም። ለዚህ ነው በየክለቡ ቢያንስ አንድ የተማረ ፊዚዮቴራፒስት ይኑር፣ እሱ ሳይፈርም ተጎድቶ የነበረ ተጫዋች አይሰለፍ የምለው። ፌዴሬሽኑም የሊጉ አስተዳደርም ለማሊያ ቀለምና ለቁጥር ደንብ ያወጣሉ፣ ለዚህም ማውጣት ይችላሉ። ባለሙያ የለም እንዳይባል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ያስተምራል፤ የተመረቁት ልጆች አሉ።

መፈተኛውም ከባድ አይደለም። በተጎዳው እግር ብቻ ደጋግሞ መዝለል፣ ርቀቱን ከጤነኛው እግር ጋር ማነጻጸር፤ ቀጥታ መሮጥ፣ ከዚያ እየተጠማዘዙ መሮጥ፣ ድንገት መቆም፤ በመጨረሻ ከኳስና ከተከላካይ ጋር ሙሉ ልምምድ። አንዱ ላይ ካመመው ወይም ከፈራ አልደረሰም። ፊፋ በ2006 ያስተዋወቀው «11 ፕላስ» የተባለው ማሟሟቂያም በውስጡ በአንድ እግር መቆምና መዝለል አለበት፣ ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የኛ ቡድኖች ሲያሟሙቁ ተመልከቱ፤ ሁለት ዙር ሩጫ፣ ትንሽ መለጠጥ፣ ከዚያ ወደ ጎል መምታት።

እኛ ደጋፊዎችም ከደሙ ንጹህ አይደለንም። ተጫዋች ወድቆ «ሰዓት እየገደለ ነው» የምንለው እኛ ነን። አንዳንዱ በእውነት ይገድላል፣ አውቃለሁ። ግን እያስመሰለ ያለውንና ጅማቱ የተቀደደውን ከደረጃው ላይ ሆነን መለየት አንችልም፤ እኔም አልችልም።

ባለፈው እሁድ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስንጫወት አንዱ ወደቀ። ሁሉም «እሸው! እሸው!» ይላል። አውራ ጣቴን ይዤ የአጥንቱን ጫፍ ጫንኩት፣ አላመመውም። አራት እርምጃ ተራመድ አልኩት፣ እያነከሰም ቢሆን ተራመደ። በፋሻ ጠቀለልነው፣ እግሩን ወንበር ላይ ሰቀልነው። ማክሰኞ ደውዬ «ፊደል እየጻፍክ ነው?» ብለው «ለ ላይ ደርሻለሁ፣ ቅዳሜ ግን እጫወታለሁ» አለኝ። እኔ እንኳ ዛሬም ጥርሴን የምቦርሸው በግራ እግሬ ብቻ ቆሜ ነው፤ ዓይኔን ስጨፍን አሁንም ይንገዳገዳል።